ዝም ያለበት ወገን

መንዝ፣ ሞላሌ ተመድቤ ስመጣ የተከራየኋት ክፍል የአንዲት ዓይነ ስውር መበለት ነበረች። ሴትየዋ ከአንዲት ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ልጅቱ ከኔ በሁለት ዓመት ብትበልጥ ነው፤ አግብታ ፈትታ ወደ እናቷ የተመለሰች፣ በጎቹን የምትጠብቅ፣ ማሳውን የምታሳርስ፣ ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘች ሴት ናት። እኔ ደግሞ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ሥራዬን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው ልኩራራበት ብዬ አይደለም፤ ጥፋቴ የሚጀምረው ከዚያው ስለሆነ ነው።

ሴትየዋን እማማ ነው የምላቸው። ቀኑን ሙሉ በሩ አጠገብ ካለው መደብ ላይ ተቀምጠው የበግ ጠጉር ይፈትላሉ፤ ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ የሚሠሩ ሸማኔዎች እየመጡ ፈትላቸውን ይወስዳሉ። ዓይናቸው ባያይም እንዝርቱ ከእጃቸው ሲሾር አንድ ቀን እንኳ ክሩ ሲበጠስባቸው አላየሁም። ከጎናቸው የማይጠፋ አንድ አሮጌ ሬዲዮ አለ። የባትሪው ክዳን ጠፍቶ በላስቲክ ታስሯል፣ አንቴናው ከሥሩ ተሰብሯል፣ ቁጥሮቹ ከመነካካት ብዛት ተፍቀው አልቀዋል። ይህ ሬዲዮ ነው እንግዲህ ያሳበደኝ።

ጣቢያ አይዝም። አይዝም ስል ተበላሽቶ አይደለም፤ እማማ ራሳቸው ሆን ብለው በሁለት ጣቢያዎች መካከል ያቆሙታል። ከጠዋት ጀምሮ «ሽሽሽሽ» ይላል። አንዳንዴ ደግሞ ምጣድ ላይ እንዳለ ገብስ ይንጣጣል። በኔ ክፍልና በእሳቸው መካከል ያለው ግድግዳ ጭቃ ነው፤ እሱም ቢሆን ጣሪያው ጋ ሳይደርስ ነው የቀረው። የተማሪ ፈተና ሳርም ሽሽሽሽ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋደም ስል ሽሽሽሽ። ኧረ በስመ አብ!

«እማማ፣ ጣቢያ ላስተካክልልዎት?» እላለሁ።

«ተይው፣ እንዲህ ነው የምወደው።»

«ምን ይሰሙበታል?»

«የሚሰማውን።»

እንዲህ ናቸው። ሁለት ቃል ተናግረው ሰውን ዝም ማሰኘት ይችሉበታል። እኔ ግልፍተኛ ነኝ፤ አብረውኝ የሚያስተምሩ ሁሉ ያውቁታል። በትልቅ ሰው ላይ ግን አፌን አልከፍትም። ጥርሴን ነክሼ ወደ ክፍሌ እመለሳለሁ።

እማማ በዚህ ዓለም ላይ የሚፈሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መብረቅ። ባላቸውን የገደለባቸው እሱ ነው። ከእርሻ ሲመለሱ ሜዳ ላይ አገኛቸውና ከነበሬያቸው ጣላቸው። ልጅቱ ያኔ ገና ጡት መጣሏ ነበር። አሁን ያቺው ልጅ በየቀኑ በጎቿን እየነዳች ወደዚያው ሜዳ ትወጣለች። ሌላ ግጦሽ የላቸውም፣ ሌላም ጠባቂ የላቸውም። ስለዚህ የእማማ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ልጄ ዛሬ በደኅና ትገባልኝ ይሆን?

የመንዝ ሰማይ አይታመንም። ከጋራው ወዲህ ፀሐይ እያለ ከጋራው ወዲያ በረዶ ይወርዳል። እማማ ግን ተዘናግተው አያውቁም። ሰማዩ ገና ብራ ሳለ እንዝርታቸውን ያስቀምጡና መቃኑን ይዘው ይቆማሉ። ከዚያች ደቃቃ ሴት ደረት ያ ሁሉ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ እንጃ፤ «ነይ! ነይ ግቢ!» ይላሉ። ልጅቱ ከሜዳው ማዶ ትሰማለች፣ በጎቿን አስቀድማ ትመጣለች። እሷ በሩን ስታልፍ ዝናቡ ይከተላታል። ጎረቤቱ ሁሉ ለምዶታል፤ እማማ ከተጣሩ ያሰጣውን እህል ይሰበስባል። «አፍንጫቸው ዝናብ ያሸታል» ይባላል፤ እኔም እሱን አምኜ መምህራን ክፍል ውስጥ እንደ ጉድ አወራለሁ።

ከመጣራታቸው በፊት ሬዲዮውን ጭናቸው ላይ እያሽከረከሩ፣ በአውራ ጣታቸው የሌሎቹን ጣቶች አንጓ እየነኩ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ፣ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ሲሉ ብዙ ጊዜ አይቻቸዋለሁ። በአንድ እጅ አሥራ ሁለት አንጓ አለ፤ እግዚኦታ የሚቆጠረው በእሱ ነው። ጸሎት ላይ ናቸው ብዬ አለፍኩት። ሬዲዮውን ማሽከርከራቸውን ደግሞ የእርጅና ነገር አደረግኩት።

የሚገርመው፣ ያን ሰሞን ክፍል ውስጥ የማስተምረው ስለ ኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገድ ነበር። አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ የውኃ ሞገድ በውኃ ላይ ይሄዳል። ድምፅም በአየር ውስጥ ይሄዳል። ከፀሐይ እስከዚህ ድረስ መንገዱ ባዶ ከሆነ ብርሃን በምን ላይ ነው የሚመጣው?» አለችኝ። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲመጣ ደመወዝ የተጨመረልኝ ያህል ደስ ይለኛል።

«በምንም ላይ» አልኳት። ክፍሉ ሳቀ።

«አትሳቁ። ወንፈል ታውቃላችሁ አይደል? ዛሬ አንዱ ጎረቤት ለሌላው ያርሳል፤ ነገ ያኛው ጉልበቱን ይመልሳል። ሦስተኛ ሰው አያስፈልጋቸውም። ይሄም እንደዚያ ነው። ኤሌክትሪኩ ሲለዋወጥ ማግኔቱን ያስነሣዋል፤ ማግኔቱ ሲለዋወጥ ደግሞ በተራው ኤሌክትሪኩን ያስነሣዋል። እንዲህ እየተረዳዱ ባዶውን አቋርጠው ይመጣሉ።»

ፍጥነቱን ጻፍኩላቸው፤ በአንድ ሰከንድ ሦስት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል። በዚያች በአንዲት ሰከንድ ምድርን ሰባት ጊዜ ተኩል ይዞራል። ዓይናችን የሚያየው ብርሃን ከዚህ ቤተሰብ አንዱ ብቻ ነው አልኳቸው። የሬዲዮ ሞገድም የእናቱ ልጅ ነው፤ ፍጥነታቸው አንድ ነው፤ ልዩነቱ አንዱን ስናይ ሌላውን አለማየታችን ነው። ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት፣ የጠመኔውን ብናኝ ከእጄ አራግፌ እየተኩራራሁ ወደ ቤቴ ሄድኩ። እማማ ሬዲዮውን ጭናቸው ላይ እያሽከረከሩ ነበር። ሽሽሽሽ። ራሴን አመመኝ።

ለፋሲካ ወላጆቼ ጋ ደብረ ብርሃን ሄጄ ስመለስ አዲስ ሬዲዮ ገዛሁላቸው። ትንሽ ናት፤ ኤፍ ኤም ብቻ ትይዛለች፣ ፍላሽ ትቀበላለች። ፍላሹን መዝሙር ሞላሁበት። ለእማማ አስቤ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። ወድጃቸው ነበር፤ በዓሉም በዓል ነው፣ ባዶ እጅ አይገባም። ግማሹ ግን ለራሴ ጆሮ ነው። ከሽሽሽሽ ልገላገል ብዬ ነው።

ቅዳሴ እስኪሄዱ ጠበቅኩ። አሮጌውን አንሥቼ ገበያው ጥግ ላለው ሬዲዮ ጠጋኝ ሰጠሁት። አገላብጦ አየውና «እሺ፣ ለመለዋወጫ ይሆነኛል» አለኝ። አዲሱን በቦታው አስቀመጥኩ፤ መዝሙሩን ከፈትኩና በር ላይ ቆምኩ። ልጅቱ እናቷን በእጅ ይዛ ስትመጣ ፊቴ ላይ እልል በሉልኝ የሚል ተጽፎ እንደነበር ይታወቀኛል።

እማማ መዝሙሩን ሲሰሙ ቆም አሉ። መደቡ ላይ ተቀመጡና እጃቸውን ሰደዱ። አዲሱን ሬዲዮ ዳሰሱት፤ ጎኑን፣ ጀርባውን፣ ቁልፎቹን። ከዚያ ከአጠገቡ ያለውን ባዶ ቦታ ዳሰሱ።

«አሮጌውስ?» አሉ።

«ገላገልኩዎት፣ እማማ! ከእንግዲህ መንጫጫት የለም።»

ልጅቱ ልትናገር አፏን ከፈተች። እማማ እጇን ጨበጥ አደረጉት። አፏን መልሳ ዘጋችው።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ። ዕድሜሽን ያርዝመው» አሉኝ። ከዚያ ዝም አሉ።

ዝምታውን ደስታ ነው አልኩት። ደስታ ንግግር አሳጣቸው ብዬ የራሴ ሆድ ባባ፣ ክፍሌ ገብቼ ትንሽ አለቀስኩ። ምን ዓይነት ጅል ነኝ! አሁን ሳስበው እንኳ ፊቴ ይግላል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ጸጥ አለ። መዝሙር ይሰማል፣ እንዝርት ይሾራል። ነገር ግን እማማ አዲስ አመል አወጡ። «ልጄ፣ ሰማዩ እንዴት ነው?» ይሉኛል። ጠዋት ይጠይቁኛል፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ይጠይቁኛል፣ ለምሳ ስቀመጥ ይጠይቁኛል። «ብራ ነው፣ እማማ» እላለሁ። አንዳንዴ ምንም ደመና ሳይኖር ልጅቱን ተጣርተው ያስመጧታል። ጎረቤቶቹ «እማማ ዘንድሮ ደከሙ፣ አፍንጫቸው ከዳቸው» ማለት ጀመሩ። ልጅቱ ደግሞ በጎቿን እየነዳች ስትገባና ስትወጣ ፊቷን አዙራብኝ ታልፋለች። ምን አስቀየምኳት እያልኩ እኔ ራሴ ተቀየምኩ።

በግንቦት ወር፣ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክፍሌ ቁጭ ብዬ ፈተና አርማለሁ። ልጅቱ ሜዳ ናት።

«ልጄ፣ ሰማዩ እንዴት ነው?» የሚል ድምፅ በግድግዳው ላይ ተሻግሮ መጣ።

ቀና ብዬ በመስኮቴ አየሁ። ጥርት ያለ ሰማይ ነው። «ብራ ነው፣ እማማ!»

ጥቂት ቆይተው ደግመው ጠየቁኝ።

«ብራ ነው አልኩዎት እኮ!» አልኩ። ድምፄ ጎርነን ብሎ ነበር፤ ራሴም ሰማሁት። ከዚያ በኋላ አልጠየቁኝም።

መስኮቴ የሚያየው ወደ ደቡብ ነው። ደመናው የመጣው በሰሜን፣ ከጋራው ጀርባ ነበር። ብድግ ብሎ በር ድረስ መሄድ ስምንት እርምጃ ነው። ስንት ጊዜ እንደቆጠርኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ብልጭታውና ነጎድጓዱ አንድ ላይ መጡ። ግድግዳው ተነቃነቀ፣ እስክሪብቶው ከእጄ ወደቀ። እማማ «ልጄን!» ብለው ዱላቸውን ሳይዙ ወጡ። እኔ ስደርስ በረዶው መውረድ ጀምሮ ነበር። ግቢው መሐል ቆመው፣ ሻሻቸው ወልቆ፣ በረዶው አናታቸውን እየደበደበው «ነይ! ነይ ግቢ!» ይላሉ። የቆሙት ፊታቸውን ወደ ሜዳው አዙረው አይደለም፤ አቅጣጫው ጠፍቷቸው ለጎረቤት አጥር ነው የሚጣሩት። ትከሻቸውን ይዤ ወደ ቤት መለስኳቸውና እየሮጥኩ ወጣሁ።

ሜዳው ላይ ያለው አንድ የኮሶ ዛፍ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ይጨሳል። ሥሩ የተጠለሉ ስድስት በጎች ተደራርበው ወድቀዋል። የቀሩት ተበታትነዋል። ልጅቱ ከዛፉ ራቅ ብላ በግንባሯ ተደፍታለች፤ አንድ እግር ጫማዋ ወልቆ ብቻውን ወዲያ ተጥሏል። ሞታለች አልኩ። ገለበጥኳት። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ትተነፍሳለች። «አለሽ? አለሽ እንዴ?» እያልኩ ፊቷን በጥፊ መታሁት፤ ከዚያ ደግሞ አቅፌ ጮኽኩ። ጎረቤቶች ደርሰው በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናት።

በማግስቱ ወደ ቤት መለሷት። ትራመዳለች፣ ትናገራለች፤ ግራ ጆሮዋ ግን አይሰማም። መደቡ ላይ አጋደምናት። እማማ ከአጠገቧ ተቀምጠው በአንድ እጃቸው እግሯን ይዘዋል። እኔ ደግሞ ከትላንት ጀምሮ የያዘኝ ፍርሃት ወደ ንዴት ተለወጠብኝና በማይሆን ሰው ላይ ገነፈልኩ።

«እማማ፣ ሌላ ጊዜ ሰማዩ ሳይጠቁር ይጠሯት አልነበር? ትላንት ምን ነካዎት? እንዴት አንድ ጊዜ እንኳ አልተጣሩም?»

ልጅቱ ራሷን በደኅናው ጆሮዋ በኩል ወደኔ አዞረች።

«በምን ትጥራኝ?» አለችኝ። «ዓይኗን ወስደሽ ለጠጋኝ ሰጠሽባት።»

«ተይ» አሉ እማማ።

«አልተውም፣ እማዬ! እስከ መቼ?» አለችና ቀና አለች። «ያ አሮጌ ሬዲዮ ሲንጣጣ መብረቁ ብልጭ አለ ማለት ነው። እሷ አታየውም፣ ትሰማዋለች። ከዚያ ነጎድጓዱ እስኪመጣ እግዚኦ ትቆጥራለች። አሥራ ሁለቱ አንጓ ካለቀ ሩቅ ነው። ስድስት ሳይሞላ ነጎድጓዱ ከመጣ ትጠራኛለች። እኔ እሷን ተማምኜ ነው ሰማይ የማላየው። ያንቺ ሬዲዮ ግን መዝሙር እንጂ መብረቅ አይሰማም። ልነግርሽ ስል ከለከለችኝ።»

«ለምን?» አልኩ።

«አስባ፣ ከአገሯ ተሸክማ አምጥታ፣ እንዴት አልፈልግም ይባላል፣ ቅር ይላታል አለችኝ።»

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። እኔ እኮ ነኝ የሬዲዮ ሞገድና ብርሃን የአንድ እናት ልጆች ናቸው ብዬ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ያሰመርኩት! መብረቅ ሲበርቅ ለዓይን ብርሃን፣ ለሬዲዮ ደግሞ ሞገድ በአንድ ቅጽበት ይልካል፤ ሁለቱ እኩል ይደርሳሉ። ድምፁ ነው ወደ ኋላ የሚቀረው። ይህን በፈተና አውጥቼ፣ የሳቱትን በቀይ አርሜ አውቃለሁ። ከግድግዳው ወዲያ አንዲት ፊደል ያልቆጠሩ ሴት በየቀኑ ሲሠሩበት ግን ራሴን አመመኝ። አሮጌው ሬዲዮ ያገኘውን ጩኸት ሁሉ አይመርጥም፣ ያስገባል፤ ስለዚህ መብረቁንም ያስገባል። አዲሱ ኤፍ ኤም እንዲያውም የሚመሰገነው ያንን ጩኸት ገፍቶ ስለሚያስቀር ነው። ጥራት ብዬ የገዛሁት እሱን ነው።

ደግሞስ ይሉኝታ! አንዲት እናት የአንድ ልጇን ነፍስ የምትጠብቅበትን ነገር ተነጥቃ፣ የሰጪዋ ፊት እንዳይጠቁር ብላ ዝም ትላለች? አዎ፣ ትላለች። እኔም እዚሁ አገር ተወልጄ አድጌያለሁ፤ ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልገኝም ነበር።

እግራቸው ላይ ወደቅኩ። «ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ።»

«ተነሺ፣ ተነሺ» አሉኝ፤ ጸጉሬን እየዳበሱ። «ልጄ ተርፋልኛለች። በግ ይወለዳል። ይልቅ ሂጂና ሬዲዮዬን አምጪልኝ።»

ስሮጥ ደረስኩ። ጠጋኙ ሆዱን ከፍቶ ድምፅ ማውጫውን ለሌላ ሰው ሬዲዮ ገጥሞታል። እሑድ ነው፣ ዛሬ አልሠራም አለኝ። እንደዚያ ቀን ሰው ላይ ጮኼ አላውቅም። ከዚያ ደግሞ መጮኼ አሳፈረኝና ነገሩን አንድ በአንድ ነገርኩት። ጠጋኙ ሰምቶ ሲጨርስ መበየጃ ብረቱን አሞቀ፣ ገጠመው፣ በአዲስ ላስቲክም አሰረው። «ንገሪያቸው፣ ሌላ ጊዜ ቢበላሽ በእግሬ መጥቼ ነው የምሠራላቸው» አለኝ።

እማማ ሬዲዮውን ሲቀበሉኝ ጉንጫቸው ላይ አስጠጉት። ከፈቱት። ሽሽሽሽ። እንደዚያ የሚያስደስት ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

በሳምንቱ ደመና ሲሰበሰብ ጠሩኝና ከጎናቸው አስቀመጡኝ። «ዓይንሽን ጨፍኚ» አሉኝ። ጨፈንኩ። ሬዲዮውን ጭኔ ላይ አስቀመጡት። ተንጣጣ። ነጎድጓድ ግን የለም።

«ይሄ ሩቅ፣ ግሼ ላይ ነው፣ ራቤል አካባቢ። ገና ነው» አሉ። «አሁን ቀስ እያልሽ አዙሪው።»

አዞርኩት። በአንድ በኩል ሲሆን መንጣጣቱ ጎላ፤ አሁንም ሳዞረው ቀነሰ፣ ጠፋ።

«እዚያ ላይ አቁሚው። ጫፉ የሚያመለክተው ወደ የት ነው?»

«ወደ ጋራው» አልኩ።

«እሱ ነው። ዝም ያለበት ወገን ነው ያለው።»

ዓይኔን ገለጥኩ። በሬዲዮው ሆድ ውስጥ ቀጭን ሽቦ የተጠመጠመበት ጥቁር ዘንግ አለ። ሞገዱን የሚቀበለው በጎኑ ነው፤ ጫፉን ወደ መጣበት ካዞሩት አይቀበልም። ይህንንም በመጽሐፍ አንብቤው ነበር። እማማ ግን ማንም አልነገራቸውም። ዓይናቸው እየደከመ ሳለ፣ ብልጭታውን በጭላንጭል በሚያዩበት ጊዜ፣ ሬዲዮው አብሮ እንደሚንጣጣ ልብ አሉ። ብልጭታው ሲጠፋባቸው መንጣጣቱ አብሯቸው ቀረ። ማዞሩን ደግሞ አንድ ቀን ሬዲዮው ጭናቸው ላይ ሲንሸራተት አገኙት።

«እማማ፣ ያ የሚንጣጣው ነገር ብርሃን እኮ ነው» አልኳቸው።

እንዝርቱ ቆመ። «ብርሃን ነው የምትይኝ?»

«ዓይን የማያየው ብርሃን ነው። ከሚታየው ጋር አብሮ ተነሥቶ፣ እኩል ሮጦ፣ እኩል ነው የሚደርሰው።»

«ይፈጥናል?»

«እርስዎ አንድ ጊዜ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ ብለው እስኪጨርሱ ምድርን አሥራ አምስት ጊዜ ያህል ይዞራል።»

ሳቁ። «ምን አስቸኮለው?» አሉ። ከዚያ «ነጎድጓዱስ?» ብለው ጠየቁኝ።

«እሱ እግረኛ ነው። በአንድ እግዚኦ ከዚህ ቤተ ክርስቲያኑ ቢደርስ ነው።»

«አዎ፣ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር» አሉና ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። «ብርሃን» አሉ ለራሳቸው። «እኔ እኮ ጨለማ ውስጥ ነኝ ብዬ ነበር።» ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ታዲያ አንቺ ይህን ሁሉ እያወቅሽ ነው ሬዲዮዬን የወሰድሽብኝ?»

ሬዲዮውን ከጭኔ አንሥቼ ጭናቸው ላይ መለስኩላቸው።

ልጅቱ እንደዳነች ወደ ሜዳዋ ተመለሰች። ቤት ዋዪ ብንላት አሻፈረኝ አለች። ችግሩ፣ አሁን የእናቷ ጥሪ ሁልጊዜ አይደርሳትም፤ ነፋስ ከሆነ ወይም በግራዋ በኩል ከመጣ ጨርሶ አትሰማም። ስለዚህ ትምህርት በሌለኝ ቀን ወረቀቴን ይዤ ከእማማ መደብ ላይ እቀመጣለሁ። ሽሽሽሽ እየሰማሁ ፈተና አርማለሁ።

በሰኔ መጀመሪያ አንድ ቅዳሜ እንዲሁ ተቀምጠን ሳለ፣ ሲከነክነኝ የከረመውን ጠየቅኳቸው።

«እማማ፣ ያን ቀን ራስዎ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?»

«ነግሬሻለሁ እኮ» አሉ።

«መቼ?»

«ዝም አልኩሽ።»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። እሳቸው ሬዲዮውን ከጎናቸው አንሥተው ጭናቸው ላይ አደረጉት። ተንጣጣ። ቀስ እያሉ አዞሩት፤ ተንጣጣ፣ ተንጣጣ፣ ጸጥ አለ። ጫፉ ወደ ጋራው ነው። አውራ ጣታቸው ተነሣ። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» አሉ፤ እኔም በልቤ አብሬ ቆጠርኩ። ሁለተኛው አንጓ፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው። አምስተኛው ላይ ነጎድጓዱ ከጋራው ወዲያ አጉረመረመ።

«ሂጂ» አሉኝ።

ጫማዬን እንኳ አላሰርኩም። ሜዳው ላይ ስደርስ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች። ስጣራ አልዞረችም። ዞሬ በቀኟ በኩል፣ በሚሰማው ጆሮዋ በኩል ሮጥኩና «ነይ! ነይ ግቢ!» አልኳት።